ሸርጣን መጀመሪያ የበላው ሰው

ቻይኖች አንድን ነገር ከማንም በፊት ደፍሮ የሞከረን ሰው «ሸርጣን መጀመሪያ የበላው» ይሉታል። ማንም ያልገባበትን ንግድ የጀመረውን፣ ጎረቤቱ የፈራውን ዘር የዘራውን ገበሬ ሁሉ በዚሁ ስም ይጠሩታል። ነገሩን ሲያስቡት እውነት አለው። ስምንት እግር፣ ሁለት መቆንጠጫ፣ ከግንባሩ ወጣ ብለው የቆሙ ዓይኖች፣ ፊት ለፊት መሄድ እያለ ወደ ጎን የሚሄድ ፍጥረት… ይህንን አይቶ «ቀቅለን ብንበላውስ?» ያለ ሰው መቼም ተራ ሰው አይደለም። ወይ በጣም የራበው ነው፤ ወይ ደግሞ አብረውት የሚደፍሩ ጓደኞች የነበሩት።

እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ። ሸርጣን ለብቻ የሚበላ ምግብ አይደለማ! በሻንግሃይና በአካባቢዋ ከተሞች መኸር ሲገባ፣ በእነሱ የጨረቃ አቆጣጠር በ9ኛውና በ10ኛው ወር፣ ጓደኛ ጓደኛውን እየጠራ ሸርጣን ቤት ይሄዳል። የሚፈለገው መቆንጠጫው ላይ ጠጉር ያለው የሐይቅና የወንዝ ሸርጣን ነው። በ9ኛው ወር በእንቁላሏ ምክንያት እንስቷ፣ በ10ኛው ወር ደግሞ ወንዱ ይመረጣል። በገመድ ታስሮ በእንፋሎት ይበስልና ለየሰው ይታደላል። ዝንጅብል የገባበት ኮምጣጤ ማጥቀሻ ይሆናል፤ ከሩዝ የተጠመቀ፣ ሞቅ ያለ መጠጥ ይቀዳል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ነው። ልባሱን መስበር፣ እግሩን አንድ ባንድ መፈልፈል፣ ከየመገጣጠሚያው ክር የምታክል ሥጋ ማውጣት። ከሚንግ ነገሥታት ዘመን ጀምሮ ለዚህ ሥራ ብቻ የተሠራ ስምንት ዓይነት ዕቃ ነበራቸው፤ ትንሽ መዶሻ፣ ትንሽ መቀስ፣ ትንሽ ማንኪያ… የሰዓት ሠሪ እንጂ የበላተኛ ዕቃ አይመስልም።

ለሥጋው ብሎ የሄደ ሰው እንደራበው ይመለሳል። የሚኬደው ለወጉ ነው። እጅ ሥራ ላይ ስለሆነ ማንም አይቸኩልም፤ የሚቸኩል ሰው ምላሱን ይወጋል። ከኛ አገር ነገር ሸርጣንን የሚመስለው ምሳችን ሳይሆን ቡናችን ነው። ማነው አቦል፣ ቶናና በረካን ጥማት ለመቁረጥ ብሎ የሚጠጣ? ስኒዋ የምትይዘው ጉንጭ አትሞላም። ሰዓቱን የሚሞላው ጨዋታው ነው።

ቻይኖች በዚህ ፍጥረት ፍቅር የተያዙት ደግሞ ትናንት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1059 ፉ ጎንግ የተባለ ሰው ስለ ሸርጣን ብቻ የሚያወራ መጽሐፍ ጽፏል። እኛ ዘንድ ገና ላሊበላ ሳይነግሥ ማለት ነው።

ታዲያ ቻይና ሁሉ ሸርጣን በላተኛ ነበር ብለው እንዳይሳሳቱ። በዚያው በ11ኛው መቶ ዘመን የኖረ ሼን ኩዎ የተባለ ሊቅ የተወልን ወሬ አለ። ሸርጣን በማይገኝበት በሰሜን ምዕራቡ ምድር፣ ከባሕር ርቆ ባለ አገር፣ አንድ ሰው የደረቀ ሸርጣን ከሩቅ ያገኛል። ያገሩ ሰው ሲያየው መልኩን ፈርቶ ጭራቅ ነው አለ። ውሎ አድሮ ግን ወባ የያዘው ሰው ቤት ሲኖር ያንን ደረቅ ሸርጣን ይዋሱትና በሩ ላይ ይሰቅሉት ጀመር። ብዙ ጊዜም በሽተኛው ይድን ነበር አሉ። ሼን ኩዎ ታሪኩን ሲዘጋ፣ ለካስ ሸርጣንን የማያውቀው ያገሩ ሰው ብቻ ሳይሆን አጋንንቱም ጭምር ናቸው ብሎ ይስቃል።

ልብ ይበሉ! በአንድ ንጉሥ ሥር፣ በአንድ ፊደል በሚጽፍ ሕዝብ መካከል፣ ደቡቡ ሸርጣኑን በዝንጅብል ያጣጥማል፤ ሰሜኑ በር ላይ ሰቅሎ ሰይጣን ያባርርበታል። የሚያስፈራው ሸርጣኑ አልነበረም። አለማወቁ ነው።

የኛም የደጋ ሰው ከዚያ የሰሜን ሰው አይለይም። ሸርጣን በወንዞቻችን ድንጋይ ሥር አለ፤ ወንዝ የሚወርዱ ልጆች ያውቁታል። አብዛኛው ሰው ግን ሸርጣንን ያወቀው በዐውደ ነገሥት ነው። ሐመል፣ ሠውር፣ ገውዝ፣ ሸርጣን… «ኮከብህ ሸርጣን ነው» የተባለ ስንት ሰው አለ፣ እንስሳውን በዓይኑ ሳያይ የሞተ! ኮከብ ሲሆን እሺ፣ ወጥ ሲሆን እንቢ።

«ይህ የሻንግሃይ ወሬ እኛን ምን አገባን?» የሚሉ ካሉ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ይውረዱና ባቱ ይግቡ። ብዙዎቻችን ዝዋይ ስንላት የኖርናት ከተማ ናት፤ ሐይቁንም ደንበል ይሉታል። የቻይኖቹ ዝነኛ ሸርጣን የሚወጣበት ያንግቼንግ የተባለው ሐይቅ ከሻንግሃይ ብዙም የማይርቅ፣ ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ነው። ባቱም እንዲሁ ናት። 440 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ተንጣሎ የሚታየው ሐይቅ አማካይ ጥልቀቱ ከሁለት ሜትር ተኩል ብዙም አያልፍም። ሁለቱም የትልቅ ከተማ ሰው ቅዳሜና እሑድ ጓደኞቹን ጭኖ የሚሄድባቸው፣ በሐይቅ ዳር ሆኖ የውኃ ፍጥረት የሚፈለፍልባቸው ቦታዎች ናቸው።

ባቱ ላይ ያለው ወግ ይታወቃል። ሙሉ ዓሣ ጎንና ጎኑ ተሰንጥቆ፣ በዘይት ተጠብሶ፣ ከነጭንቅላቱ ይመጣል። ዳጣ ይከተላል። አንዱ ለብለብ፣ አንዱ ጉላሽ፣ አንዱ ሾርባ ያዛል። ከዚያ እጅ ይገባል። እሾኹ ስላለ እዚህም መቸኮል የለም፤ ዓሣን መብላት በብልሃት ነው የሚባለው በከንቱ አይደለም። ወሬው ይደራል። ግን ይህ ሁሉ ከመሆኑ በፊት፣ ገና ትእዛዝ ሲሰጥ፣ ከጓደኞቹ አንዱ አስተናጋጁን ጠጋ ብሎ የሚጠይቃት ጥያቄ አለች።

«ቆሮሶ ነው አይደል? አምባዛ እንዳታመጣብን!»

«ኧረ ቆሮሶ ነው!»

ይህቺ አጭር ምልልስ የሦስት ሺህ ዓመት ታሪክ አላት። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ላይ ከውኃ ፍጥረት የሚበላው ክንፍም ቅርፊትም ያለው ነው ተብሎ ተደንግጓል። ቆሮሶ ሁለቱንም አሟልቷል። አምባዛ ግን ክንፍ ቢኖረውም ቅርፊት የለውም፤ ቆዳው ልሙጥ ነው፣ ከአፉ ዙሪያም እንደ ድመት ጺም የተንዠረገገ ነገር አለው። ሸርጣኑ ደግሞ ቅርፊት ያለው ዓሣ ነኝ ብሎ ቢምል የሚያምነው የለም። እንግዲህ በሕጉ ፊት አምባዛና ሸርጣን በአንድ መዝገብ የተጻፉ ተከሳሾች ናቸው። የባቱ ሰው «አምባዛ እንዳታመጣብን» ሲል፣ ሳያውቀው ሻንግሃይ ላለው ሸርጣንም መልስ እየሰጠ ነው።

እንበልና አራት ኢትዮጵያውያን ጓደኛሞች ቻይና ምግብ ቤት ገብተው ሸርጣን ቀረበላቸው። ኦርቶዶክሱ ኦሪቱን ያስታውሳል። አድቬንቲስቱም ያንኑ ምዕራፍ ጠቅሶ እጁን ይሰበስባል። ጴንጤው የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 10ን፣ ጴጥሮስ በራእይ ያየውን ከሰማይ የወረደ ትልቅ ጨርቅ አንሥቶ «ይበላል!» ይላል፤ ይበል እንጂ እጁ ወደ ሩዙ ነው የሚሄደው። ሙስሊሙ መዝሀቡን ያስባል፤ ሐነፊዎች ከውኃ እንስሳ የሚፈቅዱት ዓሣን ነው፣ ሌሎቹ ሰፋ ያደርጉታል። አንድ ሸርጣን አራት የሃይማኖት ጉባኤ አስነሣ ማለት ነው! ደስ የሚለው ነገር አራቱም አሁንም በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ መቀመጣቸው ነው። ይህንን ነጥብ ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ለመሆኑ ቆሮሶውስ ቢሆን መቼ ነው የተከበረው? ዛሬ ዓሣ የሆቴል ምግብ ነው። በቀድሞው ጊዜ ግን ለአብዛኛው ያገራችን ሰው ክብር ማለት ከብት ነበር። ለእንግዳ የሚታረደው በሬ ነው፣ በግ ነው፤ ቢያንስ ዶሮ ነው። ከብቱን ቆጥሮ በሚኖር ሕዝብ ዘንድ ዓሣ የሚበላ ሰው ማለት ከብት የሌለው ሰው ማለት ነበር። በአፍሪካ ቀንድ ያሉ ብዙ ከብት አርቢ ሕዝቦች ዓሣን ይጸየፉ እንደነበር ተመራማሪዎች ደጋግመው ጽፈዋል። ጸያፉ ከዓሣው ሽታ የመጣ አይደለም። ከድህነቱ ሽታ የመጣ ነው።

በዚህ መካከል በባቱ ሐይቅ ደሴቶች ላይ ዓሣ እያጠመዱ የኖሩ ሰዎች ነበሩ፤ ዛዮች። ቋንቋቸው ከስልጤና ከሐረሪ ጋር የሚዛመድ ሴማዊ ቋንቋ ነው። ትልቋ ደሴት ቱሉ ጉዶ ናት። በአፈ ታሪክ እንደሚነገረው ዮዲት ጉዲት አክሱምን ባጠፋች ጊዜ ታቦተ ጽዮን ሸሽታ የተቀመጠችው እዚያ ነው፤ ደብረ ጽዮን የሚለው ስምም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ዛዮች ዳገቱን በእርከን እያረሱ፣ በታንኳ እየቀዘፉ፣ መረብ እየጣሉ ዘመናት አሳለፉ። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ አርሲ በምኒልክ እጅ ከገባ በኋላ ነው ብዙዎቹ ወደ ሐይቁ ዳርቻ እየወጡ መስፈር የጀመሩት። ዛሬ ባቱ ላይ «የዓሣ አገር» እያልን ስንበላ፣ ሁላችንም በከብት ስንኩራራ ዓሣውን ይዞ የቆየን ሕዝብ ደጅ ላይ እንደተቀመጥን የሚያስታውስ ስንቱ ነው? ቋንቋቸው የሚናገረው ሰው እያነሰ፣ ልጆቹ በኦሮምኛና በአማርኛ እየተተኩ ነው። ዓሣቸውን ወሰድን፤ ስማቸውን ግን ለማወቅ እንኳ አልጓጓንም።

ዓሣ ከገጠሩ ሐይቅ ወደ ከተማው ገበታ የወጣው በብዙ በር ነው። አንዱ በር ጾም ነው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ሙግት ዛሬም አላለቀም፤ አይፈቀድም ብለው የሚያስተምሩ አባቶች አሉ፣ የጾም ወቅት ሲገባ ደግሞ ዓሣ ቤቱ ይሞላል። ሌላው በር ጣሊያን ነው። ሦስተኛው መንግሥት ነው፤ በደርግ ዘመን የነበረው የዓሣ ምርትና ገበያ ድርጅት ከሐይቆቹ ዓሣ እየሰበሰበ አዲስ አበባ ድረስ ያቀርብ ነበር። እስቲ የዓሣ ቤት የምግብ ዝርዝሩን ራሱን ያንብቡት። ኮተሌት ጣሊያንኛ ነው። ጉላሽ የሀንጋሪ እረኞች ወጥ ነው። ከሀንጋሪ ተነሥቶ ባቱ እስኪደርስ በሬው ዓሣ ሆኗል! እኛ ግን «ያገራችን ጉላሽ» እያልን በእንጀራ ጠቅልለን እንበላዋለን።

ይህ የሚያስቅ ከሆነ የበለጠ የሚያስቅ ልንገርዎት። በርበሬ ያገራችን ተክል አይደለም። ኮሎምበስ እ.ኤ.አ. በ1492 አትላንቲክን ከመሻገሩ በፊት ከአሜሪካ ምድር ውጪ በርበሬን የቀመሰ ሰው አልነበረም። ስለዚህ የአክሱም ነገሥታትም ሆኑ ላሊበላ በርበሬ የገባበት ዶሮ ወጥ ሳይበሉ ነው ያለፉት። በቆሎውም ከዚያው ነው የመጣው፤ ቲማቲሙም እንደዚሁ። ድንችን ወደ አገራችን ያስገባው ሺምፐር የተባለ ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ ነው ይባላል፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1858፣ ቴዎድሮስ ላይ ታች በሚሉበት ጊዜ። መጀመሪያ በርበሬ ወጥ ውስጥ የጨመረችው ሴት ማን ነበረች? ባሏ «ምን ልታደርጊኝ ነው?» ሳይላት አልቀረም። የኛ «ሸርጣን መጀመሪያ የበላችው» እሷ ናት፤ ስሟን የጻፈላት ግን የለም።

እንግዲህ ምግብ እንዲህ ነው። ዛሬ የሚያስጠላው ነገ ያገር ባህል ይሆናል። ሆድ ቶሎ ይለምዳል። የማይለምደው ሌላ ነገር ነው፤ እሱም ሰው ነው።

ይህንን ለማየት ከባቱ ወደ ጣና እንሻገር። በጣና ዳር ነገደ ወይጦ የሚባሉ ሰዎች ይኖራሉ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770ዎቹ መጀመሪያ በአገሩ ሲያልፍ ስለ እነሱ ጽፏል። ደንገል አስረው ታንኳ የሚሠሩት፣ ዓሣ የሚያጠምዱት፣ ቀድሞ ደግሞ ጉማሬ እያደኑ የሚበሉት እነሱ ናቸው። ጉማሬ በመብላታቸው ክርስቲያኑ ጎረቤት ራቃቸው። እነሱ እስላም ነን ቢሉም ሙስሊሙ ጎረቤት በሙሉ ልቡ አልተቀበላቸውም። ታንኳቸውን ይገዛል፣ ዓሣቸውን ይገዛል፣ በማዕዳቸው ግን አይቀመጥም። ልጁን አይድርላቸውም።

አሁን የሚቀጥለውን ያስቡ። የጉማሬው አደን በ20ኛው መቶ ዘመን እየቀረ ሄደ። ጉማሬውም ሳሳ፤ ነገደ ወይጦም ይህን ምግብ ተዉ። ሰበቡ ጠፋ ማለት ነው። ንቀቱስ? ንቀቱ ቆሞ ቀረ! አባቱ ምን እንደበላ እየተባለ ልጁ ተናቀ፤ አያቱ ምን እንደበላ እየተባለ የልጅ ልጁ ተናቀ። ይህንን ሳይ የምጠረጥረው ነገር አለ፤ ንቀቱ መጀመሪያውኑ ከጉማሬው የመጣ አልነበረም። መሬትና በሬ የሌለውን ሰው ለመናቅ ምክንያት ተፈለገ፤ ድስቱ ውስጥ ጉማሬ ተገኘ። ሸማኔውን፣ ሸክላ ሠሪዋን፣ ቆዳ ፋቂውን በየሰበቡ የናቀ አገር ለዓሣ አጥማጁ ሰበብ ያጣል?

ደግሞ ክፉ ቀን ሲመጣ ሕጉ የት ይገባል? ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በነበረው ያ ታላቅ ረሃብ፣ ከብቱ በበሽታ ባለቀበት ጊዜ፣ የማይበላ የተባለ ሁሉ ተበልቷል። ፈረሱም አህያውም አልቀረም። ረሃቡ ሲያልፍ የበላው ሰው ዝም አለ። ትናንት በጨለማ የበላውን ዛሬ በብርሃን የሚበላ ጎረቤቱን ለመናቅ ግን አልሰነፈም።

ይህ የድሮ ታሪክ ነው ካሉኝ ወደ ዘመናችን ቻይኖች ልመልስዎት። ቻይናና ኢትዮጵያ እንግዳ ለእንግዳ አይደሉም። ጠቅላይ ሚኒስትር ቹ ኤን ላይ በጥር 1956 ዓ.ም. አሥመራ ላይ ከአፄ ኃይለ ሥላሴ ጋር ተገናኝተዋል። በኅዳር 1963 ዓ.ም. የዲፕሎማሲ ግንኙነት ተመሠረተ፤ በ1964 ዓ.ም. መባቻ ንጉሠ ነገሥቱ ቤጂንግ ሄደው ከማኦ ጋር ተጨባበጡ። ከወረታ ወልድያ የሚወስደው መንገድ የተሠራው በቻይኖች ነው። በእኛ ዘመን ደግሞ ያላዩት ሰው የለም፤ አዳማ ላይ ነፋሱን መብራት የሚያደርጉት ማማዎች፣ በ2004 ዓ.ም. 51 ሜጋ ዋት፣ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ ተጨማሪ 153 ሜጋ ዋት፣ በቻይና ኩባንያዎች የቆሙ ናቸው። ከአዲስ አበባ አዳማ ያለው የፍጥነት መንገድም እንዲሁ።

መንገዱን ወደድነው። የሠራውን ሰው ግን ምን አልነው? ካምፕ በተተከለበት ሁሉ «የሰፈሩ ውሻ ጠፋ» የሚል ቀልድ አብሮ ተተከለ። ታክሲ ውስጥ የሚሳቅበት፣ ልጆች የሚያስተጋቡት ቀልድ። ያ መሐንዲስ ከቤተ ሰቡ በሺዎች በሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቆ፣ በቆርቆሮ ቤት ውስጥ ሩዙን ለብቻው ይበላል። «ና ብላ» ብሎ የጠራው ስንት ሰው ነው? እንብላ ሳይባባል የማይበላ ሕዝብ ነን እያልን!

ቢጠራስ ኖሮ የሚያየው ነገር ቀላል አልነበረም። እስቲ በእሱ ዓይን እንየው። ቻይናዊው አትክልቱንም ሥጋውንም አብስሎ መብላት የለመደ ሰው ነው። እኛ ደግሞ በቀይ ሥጋ ላይ ቢላ ይዘን ተቀምጠናል። ትኩስ፣ ጥሬ፣ ገና የሚንቀጠቀጥ! በአዋዜ እያጠቀስን «ጮማውን ጨምርልኝ» እንላለን። ሸርጣን አይተን «ይዘገንናል» የምንል እኛ፣ ቁርጥ ቤት በር ላይ የተሰቀለውን ብልት ያየ ቻይናዊ ምን እንደሚል ጠይቀን እናውቃለን? እሱም ካገሩ ለጓደኞቹ ሲጽፍ «እዚህ ያሉ ሰዎች…» ብሎ ጀምሮ ይሆናል። የሰሜን ቻይናው ሰው ሸርጣኑን በሩ ላይ እንደሰቀለ ሁሉ፣ ሁላችንም የሌላውን ምግብ በራችን ላይ የምንሰቅል ሰዎች ነን።

ደግሞ የምንመሳሰልበትን አላየንም። ቻይና ምግብ ቤት ክብ ጠረጴዛ አለ፤ በመሐሉ የሚሽከረከር መስተዋት፣ በላዩ የጋራ ምግብ። መሶብ ማለት ነው፤ ልዩነቱ እኛ እጃችንን እናዞራለን፣ እነሱ ሳህኑን ያዞራሉ። ቻይናዊ ጋባዥ ምርጡን ቁራሽ በራሱ እንጨት አንሥቶ እንግዳው ሳህን ላይ ያኖራል። ይህ ጉርሻ ካልሆነ ምንድን ነው? አፍ ድረስ አለመድረሱ ብቻ ነው ጉድለቱ።

ሁሉም ተቃውሞ ንቀት ነው ማለቴ ግን አይደለም። በ2009 ዓ.ም. ቢሾፍቱ ላይ በቻይናዊ ባለ ሀብት የተከፈተው የአህያ ቄራ ሥራ በጀመረ በሳምንታት ውስጥ በሕዝብ ጩኸት ተዘግቷል። በዚያ ጩኸት ውስጥ እውነት ነበረ። አህያ ለድሃ ቤት መኪናው ናት፤ ውኃውንም እንጨቱንም እህሉንም የምትሸከም፤ ካለቀች ሸክሙ ወደ ሴቶቹ ጀርባ ይመለሳል። የአፍሪካ ኅብረትም በየካቲት 2016 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ባደረገው ጉባኤ ለቆዳቸው ሲባል አህዮችን ማረድ እንዲቆም ወስኗል። ይህ ቁም ነገር ነው። ችግሩ፣ ከቁም ነገሩ ይልቅ ታክሲ ውስጥ የቀረው «እነሱ እኮ ምን የማይበሉት አለ!» የሚለው መሆኑ ነው። ስለ አህያዋ የተጀመረው ወሬ ስለ ሰውየው ሆኖ አለቀ።

ወደ ባቱ እንመለስና ያቺን ጥያቄ እንስማት። «ቆሮሶ ነው አይደል?» ዛሬ መልሱ እንደ ድሮው ቀላል አይደለም። ከሐይቁ ይወጣ የነበረው ዓሣ አብዛኛው ቆሮሶ ነበር። መረቡ በዛ፣ ዓይኑም ጠበበ፤ ገና ያልደረሰው ሁሉ ተጠርጎ ወጣ። በዳርቻው የአትክልት መስኖው፣ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ደግሞ የአበባ እርሻው ተደረደረ፤ ሁሉም ከሐይቁ ይስባል። እምቦጩም ገባበት። ባቱ ላይ ያለው የዓሣና የውኃ ፍጥረታት ምርምር ማዕከል ባለሙያዎች ስለ ቆሮሶው መቀነስ ደጋግመው ጽፈዋል። በቦታው እየበዙ የመጡት ካርፕና አምባዛ ናቸው፤ ሁለቱም ከጥንት የዚህ ሐይቅ ተወላጅ ያልሆኑ፣ ከሌላ ውኃ የመጡ። ካርፕ ደግሞ ቻይኖች ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ በኩሬ ሲያረቡት የኖሩት ዓሣ ነው። የቻይና ገበታ ባቱ ሐይቅ ውስጥ ሲዋኝ ከርሟል፤ እኛ ግን ገና «እነሱ ምን እንደሚበሉ እንጃ» እንላለን።

አምባዛውስ? አምባዛው በቢላ ነው የዳነው። ሙሉውን ካቀረቡት ጺሙ ያጋልጠዋል። ቆዳው ተገፍፎ፣ አጥንቱ ወጥቶ ፊሌቶ ሲሆን ግን ቅርፊት ነበረው አልነበረው ማን ያውቃል? ኦሪት የሰጠችው ምልክት ቆዳው ላይ ነበር፤ ቆዳው የለም። ጉላሽ ሆኖ፣ ኮተሌት ሆኖ፣ ዱለት ሆኖ ይቀርባል። «እንዴት ይጣፍጣል!» ይባላል። አሁን አሁን ደግሞ ስሙን ጠርተው፣ ወደውት፣ «አምባዛ አለ?» ብለው የሚያዙም በዝተዋል። የባቱን ሸርጣን በልተናል ማለት ነው። የበላነው ግን ደፍረን አይደለም። ቆሮሶውን ጨርሰን ነው።

በእኔ ዓይን የሚያሳፍረው አምባዛ መብላቱ አይደለም። የሚያሳፍረው፣ ጸያፍ ነው ያልነውን እየበላን፣ በዚያ ጸያፍ ሰበብ ያራቅናቸውን ሰዎች እንዳራቅን መቅረታችን ነው። ዓሣው ጠረጴዛው ላይ ወጥቷል። ሲነጋ ጀምሮ በጭቃና በብርድ መረብ የሚስበው ሰው ግን ዛሬም ከጠረጴዛው ታች ነው።

መፍትሔው ሁሉም ሰው ሁሉንም ይብላ ማለት አይደለም። ሃይማኖቱ፣ ሕሊናው፣ ሆዱም ያልፈቀደለት ሰው አለመብላቱ ነውር የለበትም። እኛ ደግሞ ይህንን ከማንም መማር አያስፈልገንም፤ አባቶቻችን ፈትተውታል። ወሎ ይሁን አዳማ፣ ባቱም ይሁን ጂማ፣ ክርስቲያን ልጁን ሲድር ለሙስሊም ጎረቤቶቹ ለብቻ ያሳርዳል። አራጁ ሙስሊም ነው፣ ድስቱ ሌላ ነው፣ ወጥ ሠሪዎቹም ሌሎች ናቸው። ሙስሊሙም ሲድር እንዲሁ ያደርጋል። ማንም የማንንም ሥጋ አልበላም። ሁሉም ግን በአንድ ዳስ ተቀምጧል፣ በአንድ ዘፈን አጨብጭቧል፣ ሙሽራውን እኩል መርቋል። ሁለት ድስት፣ አንድ ዳስ! «እኔ አልበላውም» ማለትና «ከአንተ ጋር አልበላም» ማለት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን እንደዚህ ዳስ ጥርት አድርጎ ያሳየ ሊቅ አላውቅም።

የቀረን ዳሱን ማስፋት ነው። ያ ዳስ ለሙስሊሙና ለክርስቲያኑ ሲበቃ ለነገደ ወይጦው ለምን ጠበበ? ለሸክላ ሠሪዋ ለምን ጠበበ? መንገዱን ለሠራው ቻይናዊስ? ኋላ እመለስባቸዋለሁ ያልኳቸው አራት ጓደኛሞች ሸርጣኑን አንዳቸውም ላይነኩት ይችላሉ። አምስተኛው ጓደኛቸው ግን በትንሿ መዶሻ እየቀጠቀጠ ይበላ፤ እነሱ ሩዛቸውን እየበሉ ይጫወቱ። ይህ ሲሆን ነው ምሳ የሚባለው። ለብቻው የበላ ለብቻው ይሞታል ያሉት እኮ ስለ ምግቡ ዓይነት አልነበረም።

ቻይኖች ሸርጣን መጀመሪያ የበላውን ሰው ደፋር ይሉታል፤ ልክ ናቸው። እኔ ደግሞ እሱ ሸርጣኑን ሲሰብር ሳይበላም ሳይነሣም አጠገቡ የተቀመጠውን ጓደኛውን ደፋር እለዋለሁ። የሚያስፈልገን እንደሱ ያለው ነው።